የወይዘሮ አንጓች ጉድጓድና ባለ ስድስት አንቀጹ ግዝት

እጄ አያርፍም። ይኸን አስቀድሜ ልናገር፤ ቀጥሎ የማወጋችሁ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነውና። ልጅ ሆኜ እናቴ ወጥ ጥዳ ስትወጣ ክዳኑን ሳልከፍት የቀረሁበት ቀን የለም። ሊጥ ኩፍ ማለቱን በጣቴ ወግቼ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አድጌ፣ በእንስሳት እርባታ ተመርቄ፣ ከአዲስ አበባ ወረታ ስመደብም ያው እጅ አብሮኝ መጣ። አፌም ቢሆን ከእጄ አይሻልም። ባልደረቦቼ «ሬዲዮኑ» ይሉኝ ነበር፤ እንዲያውም ሬዲዮ ይሻላል፣ ባትሪው ያልቃል ይሉ ነበር።

ዘመኑ የሞዴል አርሶ አደርና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን ነው። ሁሉም ነገር ይታቀዳል፣ ይገመገማል፣ ይጎበኛል፣ ከዚያ «ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋፋ» ይባላል። ለእኔ የደረሰኝ ገፈራ ማስተማር ነበር። ለማያውቀው ልንገረው፦ ገፈራ ማለት እርጥብ መኖ፣ ለምሳሌ እሸት የያዘ በቆሎ ከነአገዳው፣ ተከትፎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተረግጦ፣ በላዩ ፕላስቲክና አፈር ተጭኖበት የሚቦካ የከብት ምግብ ነው። ጥራቱ ያለው በሁለት ነገር ነው። አጥብቆ መርገጥና፣ ከተዘጋ በኋላ አለመንካት። አየር ከገባው ይሻግታል። አየር ካልገባው ግን የመስከረም ልምላሜ በመጋቢት ድርቅ ላሟ ፊት ይቀርባል። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ሰው ደግሞ ይኸ ነገር ያስፈልገዋል፤ ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፣ በጋ ከሩዝ ገለባ በቀር የሚበላ የለም።

ችግሩ እሸት በቆሎ ለላም ማጨድ ለገበሬ ግፍ መሆኑ ነው። ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ስብሰባ ጠርቼ ሳስረዳ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የሰው ልጅ ያልጠገበውን እሸት ቀብረን እናበስብሰውና ለከብት እንስጥ ነው የምትለን?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ሴት ብቻ እጃቸውን አወጡ፤ ወይዘሮ አንጓች። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልነበራቸው፣ ንግግራቸው እንደ ጨው የተቆጠበ ሴት ናቸው። ያላቸው ሀብት ወለላ የምትባል አንዲት ዲቃላ ላም ነበረች። ጾም ሲሆን ቅቤዋን አጠራቅመው፣ ፍስክ ሲሆን ወተቷን ሸጠው የሚኖሩት በእሷ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከቤታቸው ጓሮ፣ ውኃ የማይደርስበት ጉብታ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን፣ ከተፍን፣ ረገጥን፣ ዘጋን። እኔም ሪፖርት ጻፍኩ። ሪፖርቱ እንደ ደረሰ ጎብኚ መጣ። ከቀበሌ መጡ፣ «እስቲ ይታይ» አሉ፣ ተከፈተ፣ ተደፈነ። ከወረዳ መጡ፣ «ጫፉን ብቻ» አሉ። ከዞን መጡ፣ ፎቶ ስላልወጣ ሁለት ጊዜ አስከፈቱ። እንዲህ እያልን ጥራቱን ስንቆጣጠር ጥራቱ አለቀ። በጋ ላይ ስንከፍተው ጠቁሮ፣ ነጭ ሻጋታ ለብሶ፣ ሽታው ጎረቤት ደረሰ። ወለላ ወተቷ ነጠፈ። ጥጃዋም ሞተች። ወይዘሮ አንጓች ጥጃዋን ሲጎትቱ ቆሜ አየሁ፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እኔ ግን ለሳምንታት ወረታ ሻይ ቤት ተቀምጬ «ሹሞች አበላሹት» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።

በሁለተኛው ዓመት እንደገና እንሞክር ብዬ ስለምናቸው ወይዘሮ አንጓች፣ «እሽ። ግን ቄስ ታረቀኝ ይገዝቱልኝ» አሉ።

ቄስ ታረቀኝ የንስሐ አባታቸው ናቸው። ግዝት ደግሞ በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ካህን በታቦት ስም «ይህን እንዳትነኩ» ካለ፣ ሌባም ቢሆን አይነካም። ሰው ከፖሊስ ያመልጣል፣ ከግዝት የት ያመልጣል? እኔ ሐሳቡን በጣም ወደድኩት። እንዲያውም በጣም ስለወደድኩት ጽሑፉን እኔው ላርቅቅ ብዬ ቢሮ ገብቼ ስድስት አንቀጽ ጻፍኩ።

አንድ፦ ይህን ጉድጓድ ሥልጣን ያለውም የሌለውም ማንም እንዳይከፍት። ሁለት፦ «ጫፉን ብቻ» ብሎም እንዳይከፍት። ሦስት፦ ከፍቶ መልሶ መድፈን እንደ መክፈት ይቆጠራል። አራት፦ ለጉብኝት፣ ለፎቶግራፍና ለተሞክሮ ልውውጥ የሚደረግ መክፈትም መክፈት ነው። አምስት፦ ግዝቱን ከገዘቱት ካህን በቀር ሌላ ካህን አይፈታውም። ስድስት፦ ካህኑም በአካል ተገኝተው በቃላቸው ካልፈቱት በቀር በደብዳቤ፣ በስልክም ሆነ በማኅተም አይፈታም። ይቺን ስድስተኛዋን በተለይ ኮራሁባት፤ የእኛ ሰዎች ማኅተም ካገኙ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አውቃለሁና።

ቄስ ታረቀኝ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይኸ ግዝት ነው የቤት ኪራይ ውል?»

«አባቴ፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው ብዬ ነው።»

ወደ ወይዘሮ አንጓች ዞር አሉ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። በጊዜው ያከበሩኝ መስሎኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስቱም አንቀጽ በምእመናኑ ፊት ተነበበ፤ ተገዘተ።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ዶሮም የጫረው አይመስለኝም። ጎረቤት ላም እንኳ ሲያሳልፍ ዞሮ ነበር የሚሄደው። መስከረም አልፎ ጥር አለፈ፣ የካቲት ገባ። ወለላ ወለደች፤ ሴት ጥጃ። የሩዝ ገለባው ክምር ግን ያኔውኑ አለቀ። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ጉድጓዱ መከፈት ነበረበት፤ ቄስ ታረቀኝ ግን ለሱባኤ ጣራ ገዳም ወጥተዋል። «ሳምንት ቆይቼ እመጣለሁ» ብለው ነበር። ሳምንቱ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ላሟ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ጀመር። ጥጃዋ ትጠባና ትተዋለች፤ ለካ የሚጠባ የለም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ቁሐር ስሄድ አያ ካሴን፣ የወይዘሮ አንጓችን የሟች ባል ወንድም፣ በወይዘሮዋ ደጃፍ ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው።

«ምን ሊያደርጉ ነው አያ ካሴ?»

«ነገ ከቀትር በኋላ ወደ አንበሳሜ ገበያ እነዳታለሁ። ለሚቀልባት ሰው ትሸጥ። ይቺም ጥጃ እንደ አምናዋ ትሙት እንዴ?»

ወይዘሮ አንጓች ደጁ ላይ ተቀምጠው የላሟን ግንባር ያሻሉ። ከኋላቸው ሃያ እርምጃ ላይ ወራት የሚቀልብ መኖ የሞላበት ጉድጓድ አለ። ሰው በጎተራው አጠገብ ሲራብ ማየት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ንዴት ያዘኝ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅኩም።

በዚህ መሐል የመሥሪያ ቤታችን መኪና ደረሰ። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ከአራት ባልደረቦች ጋር ወረደ። አቶ ደምሴ በስብሰባ መሐል የተወለደ ሰው ነው ብንል አንዋሽም፤ ሁለት ሰው ካየ አጀንዳ ያስይዛል።

«ነገ አምስት ሰዓት ላይ ከክልል ጎብኚዎች ይመጣሉ» አለኝ። «ገፈራው ተከፍቶ፣ ላሟ እየበላች ይጠብቃቸው።»

«አይከፈትም። ተገዝቷል።»

«ግዝት የሚባል ነገር በመመሪያ የለም።»

«ታዲያ ክፈተው» አልኩት፣ አካፋውን አቀብዬ።

አካፋውን ያዘ። ጉድጓዱን አየ። አካፋውን ለሾፌሩ ሰጠ። ሾፌሩ «እኔ መኪና ነው የምነዳው» ብሎ ለሒሳብ ሹሙ ሰጠ። ሒሳብ ሹሙ ወገቤን አለ። አካፋው እንዲህ እየዞረ መጨረሻ ላይ ተመልሶ እኔ እጅ ገባ።

«ጥሩ» አለ አቶ ደምሴ፣ «በዲሞክራሲያዊ መንገድ እንፈታዋለን።» እዚያው ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ስብሰባ ከፈተ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ተመረጠ። ግዝት ኋላ ቀር አመለካከት ነው ወይስ አይደለም በሚል አንድ ሰዓት ተወያየን። ሁለት ሰዎች ሒስና ግለ ሒስ አደረጉ። ከዚያ «ግዝቱ ይነሣ የምትሉ» ሲባል የሁሉም እጅ ወጣ፤ የእኔም ጭምር። በሙሉ ድምፅ ተነሣ። ቀጥሎ «በውሳኔው መሠረት ማን ይክፈት?» ሲባል የሁሉም እጅ ወረደ።

አያ ካሴ ገመዳቸውን እየገመዱ ይሰሙ ነበር። «እንግዲህ በድምፅ የተነሣ ግዝት በድምፅ ይከፈት» አሉ።

አቶ ደምሴ ወደ ጎን ወሰደኝ። ድምፁ ተለወጠ። «ስማኝ ወንድሜ፣ እኔም እናት አለችኝ። አልነካም። አንተ ግን ሞተሩን ይዘህ ጣራ ገዳም ውጣ። ቄሱን እስከ ነገ አምስት ሰዓት ድረስ አምጣልኝ።»

ወይዘሮ አንጓች ሲነሱ አየኋቸው። በኩባያ ውኃ ሰጡኝ። «ሂድ በል» አሉ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ ዘመን ደርሼ፣ ሞተሩን ተራራው ሥር ለአንድ ሱቅ ጠባቂ አደራ ሰጥቼ፣ አቀበቱን በእግሬ ወጣሁ። ላቤ እስከ ጫማዬ ወረደ። እንግዳ የሚቀበሉት መነኩሴ ሲሰሙኝ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቄስ ታረቀኝ አርምሞ ይዘዋል።»

«አርምሞ ማለት?»

«አይናገሩም። ሱባኤያቸውን አራዝመው፣ እስከ ሆሣዕና ቃል ላይወጣቸው ለፈጣሪ ቃል ገብተዋል።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ስድስተኛዋ አንቀጼ ትዝ አለችኝና ሳቄ ሆዴ ውስጥ ቀረ። በቃላቸው ካልፈቱት በቀር፤ በደብዳቤም፣ በማኅተምም አይፈታም። እኔው ነኝ የጻፍኩት። ኮርቼበት ነው የጻፍኩት።

«በጽሑፍ ቢሰጡኝስ?» አልኩ።

«ግዝቱ በጽሑፍ ይፈታል?»

«አይፈታም።»

«ማነው እንዲህ ያለ ግዝት የገዘተ?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አራገፍኩ። ማታ ቄሱ ስለማይገኙ ነገ ጠዋት ታያቸዋለህ ተባልኩና አደርኩ። አርብ ጠዋት ከጸሎት ሲወጡ ቄስ ታረቀኝ አንድ ወይራ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ጠበቁኝ።

ነገርኳቸው። ላሟ እንደከሳች፣ አያ ካሴ ዛሬ ከቀትር በኋላ ወደ አንበሳሜ እንደሚነዷት። ዝም አሉ። ጎብኚ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ዝም። መመሪያ ጠቀስኩ፣ ስለ ወተት ጥቅም አወራሁ፣ ስለ ሀገር ዕድገት ሳይቀር ተናገርኩ። ዝም። እናንተ፣ ዝም ከሚል ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ሲከራከራችሁ ትመልሳላችሁ፤ ሲቆጣችሁ ትቆጣላችሁ። ዝም ሲላችሁ ግን የምትናገሩት ሁሉ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። የራሴን ድምፅ መስማት ሰለቸኝ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰለቸኝ።

«ጥፋቱ የሹሞቹ ነው» አልኩ። «አምናም እነሱ ናቸው ያበላሹት።»

አዩኝ። ሌላ ምንም አላደረጉም።

«በርግጥ መጀመሪያ የከፈቱት እነሱ አይደሉም።»

መቁጠሪያው ቆመ።

ከዚያ ወጣ። ለማንም ያልተናገርኩት፣ ለራሴም በቅጡ ያልነገርኩት ነገር ወጣ። አምና ጉድጓዱን በዘጋን በስምንተኛው ቀን፣ ወይዘሮ አንጓች ቤት በሌሉበት፣ ሄጄ ጫፉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ሽታውን ማወቅ ፈልጌ ነው፤ እጄ አላስቀምጥ ብሎኝ። በሳምንቱ ደግሞ ሄድኩ። ፕላስቲኩን ስመልስ ቀደድኩት፤ በጭቃ ለጠፍኩት። ጎብኚዎቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ የጨረሱትን እኔ ነኝ የጀመርኩት፤ ጥጃዋ ስትሞት ቆሜ አይቼ ሻይ ቤት ሄጄ ሰው አማሁ። ይኸን ስናገር እንባዬ መጣ። አላፍርበትም፤ መጣ።

ቄስ ታረቀኝ ተነሡ። በትራቸውን አነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ቁልቁል መንገድ ጀመሩ። ገርሞኝ ተከተልኳቸው።

አሁን ደግሞ ዝም ያለ ሰው በሞተር ማፈናጠጥ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከአዲስ ዘመን እስከ ወረታ ደህና ነበር፤ መንገዱም ደህና ነው፣ ወገቤን ይዘውኝ ነበር። ከወረታ ወደ ቁሐር በሚወስደው የአፈር መንገድ ላይ ግን ሰዓት ስለሄደብኝ ፈጠንኩ። እኔ እንደ ልማዴ አወራለሁ፤ እሳቸው እንደ አርምሟቸው አይመልሱም። አንድ የመስኖ ቦይ ስሻገር ሞተሩ ዘለለ። «በርቱ አባቴ፣ ደረስን» አልኩና ቀጠልኩ።

ስደርስ ግቢው ሞልቷል። የክልሉ ሰዎች ቀድመው ገብተዋል። አቶ ደምሴ በተዘጋው አፈር ፊት ቆሞ በእጁ እያመለከተ ስለማይታየው ገፈራ ገለጻ ያደርጋል። «እንግዲህ ከዚህ አፈር ሥር ከፍተኛ ጥራት አለ።» አንዱ ጎብኚ፣ «ሳናየው እንዴት እናምናለን?» ይላል። ሌላው አፈሩን ፎቶ ያነሣል። ወለላ ደጃፉ ላይ በአዲሱ ገመድ ታስራለች፤ አያ ካሴ ጫፉን ይዘዋል።

«መጣህ!» አለ አቶ ደምሴ። «ቄሱስ?»

«ይኸው፣ ከኋላዬ» አልኩና ዞርኩ።

ከኋላዬ ማንም የለም። ኮርቻው ላይ አቧራ ብቻ።

ሰው ሁሉ ኮርቻውን አየ። እኔም አየሁት። «ተፈናጥጠው ነበር» አልኩ። ሳላስበው ከኮርቻው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ እዚያ ይገኙ ይመስል። አያ ካሴ «እንዴው ይኸ ልጅ ካህን በመንገድ ጣለ?» አሉ። ሞተሩን አዙሬ ልወጣ ስል ቄስ ታረቀኝ በበሩ ገቡ። ጥምጣማቸው በእጃቸው፣ ነጠላቸው በጭቃ፣ ከአንድ ወገናቸው እስከ ጉልበት ርሰዋል። ቦዩ ውስጥ ነበር የጣልኳቸው። ሲወድቁም አልጮኹም፤ ቃል አለባቸው።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በበትራቸው ገታ አደረጉኝ። ከዚያ በትሩን ወደ ወይዘሮ አንጓች አመለከቱ። ገባኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«እትዬ አንጓች» አልኩ። «አምና ጉድጓዱን መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። ጥጃዎ የሞተችው በእኔ ነው።»

አቶ ደምሴ እንኳ አጀንዳ አላስያዘም።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ አንጓች።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ከሩዙ ማሳ ወፍ እጠብቅ ነበር። አጎንብሰህ ስታሸት አየሁህ። በሳምንቱም አየሁህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«የሰው አገር ሰው ነህ። እንጀራህን ልዝጋብህ? ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።»

«ግዝቱን ግን… ግዝቱ ለሹሞቹ አልነበረም?»

ወይዘሮ አንጓች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየሁ። «ሹሞቹ አንተ ባትመራቸው ጉድጓዱ የት እንዳለ በምን ያውቃሉ? ግዝቱማ ላንተ ነው ልጄ። ወረቀቱን አንተው ጽፈህ ስታመጣ እኔም ቄሱም ሳቃችንን የምንደብቅበት ጠፋን።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ልገልጸው አልችልም። ስድስቱን አንቀጽ የጻፍኩት በራሴ ላይ ነበር፤ ቀዳዳ እንዳይኖረው ብዬ ተጠብቤ። እፍረቱን አልፎ ግን አንድ ነገር ከላዬ ወረደ። ከዓመት በላይ ሲያውቁብኝ ኖረው በየጊዜው ውኃ በኩባያ ይሰጡኝ ነበር።

ቄስ ታረቀኝ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። መስቀላቸውን አወጡ። ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ፤ አርምሞ እንደያዙ ለአቶ ደምሴ ከገዳሙ በስልክ ነግሬው ነበር፣ እሱ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ነግሮ ነበር። ይናገራሉ ብሎ ያሰበ የለም። ቄሱ ላሟን አዩ፣ ጥጃዋን አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፈትቻለሁ» አሉ። ድምፃቸው ለብዙ ቀን ስላልሠራ ሻከረ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ቦዩ ጥልቅ ነው» አሉ።

አያ ካሴ ገመዱን ለቀው አካፋ አነሡ። ፕላስቲኩ ሲገለጥ ሽታው ወጣ፤ ጎምዘዝ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ የእርሾ ዘር ያለው። ቀለሙ ቢጫ አረንጓዴ፣ ሻጋታ የሚባል የለበትም። ወይዘሮ አንጓች አንድ እፍኝ ይዘው ለወለላ አቀረቡ። ላሟ አሸተተችና ወደ ኋላ አለች። ለማታውቀው ላም እንግዳ ነገር ነው፤ ይኸን አውቃለሁ። ሆኖም አፌ ሊከፈት ሲል ወይዘሮ አንጓች በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። የጨው ውኃ ረጩበት። ደግመው አቀረቡ። ላሟ ላሰች፣ ቆየች፣ ከዚያ በላች። እስከ ቅርጫቱ ታች ድረስ በላች።

አያ ካሴ ገመዱን ከአንገቷ ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወለላ አንበሳሜን ሳታይ ቀረች። ጥጃዋም አደገች፤ በኋላ ስሟን «ግዝት» አሏት።

የክልሉ ቡድን መሪ በጣም ተደነቁ። ማስታወሻቸው ላይ «ኅብረተሰቡን ያሳተፈ የመኖ ጥራት ማስጠበቂያ ስልት» ብለው ጻፉና ግዝቱ ተቀምሮ ለሌሎች ወረዳዎች እንዲስፋፋ አዘዙ። አቶ ደምሴ ስድስቱን አንቀጽ አባዝቶ በየቀበሌው በተነ። የት እንደደረሰ አላውቅም። ቄስ ታረቀኝን መልሼ ላድርስዎ ብላቸው፣ «በእግሬ ይሻለኛል» አሉ። ያ ሁሉ የዝምታ ቀን ፈርሶባቸው፣ ከመጀመሪያ ሊጀምሩ ወደ ተራራው ተመለሱ። የዚያን ዕለት ጀርባቸው ሲርቅ ቆሜ አየሁ፤ ለአንዲት ላም ሲሉ ነው። ለእኔም ሲሉ ይሆናል፤ አልጠየቅኳቸውም።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ፀጉሬ ሸብቷል። ገፈራ ለብዙ ሰው አስተምሬአለሁ። ስለ አገዳው ርዝመት፣ ስለ አረጋገጡ፣ ስለ ፕላስቲኩ እነግራቸዋለሁ። የማልነግራቸውን ደግሞ እናንተ እወቁልኝ፦ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ሳይነኩ መጠበቅ ትምህርት ቤት አይሰጥም። እኔ ያኔ ባለሙያነት መግባት፣ መክፈት፣ ማየት ይመስለኝ ነበር። ጥፋትም ሲገኝ የሌላ ሰው ስም ፈልጎ ማግኘት። ከዚያች አርብ ወዲህ አፌ ሲጀምረኝ የቄሱ ዓይን ይመጣብኛል፤ ሁልጊዜ ባይሳካልኝም ዝም እላለሁ። ሚስቴ ትመስክር።

በቀጣዩ መስከረም ከወይዘሮ አንጓች ጋር ሦስተኛውን ጉድጓድ ሞላን። እስከ ጉልበታችን ገብተን ረገጥን፣ ፕላስቲኩን አለበስን፣ አፈሩን ጫንን። እጄን እያራገፍኩ፣ «ቄስ ታረቀኝን ልጥራቸው?» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ለግዝቱ።»

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«አንተ አለህ አይደል እንዴ» አሉኝና ወደ ቤት ገቡ።